ከድምፃዊው ጎን የቆመ ጊታር፦ ሰላሚኖን በሄንድሪክስ ሚዛን?

«ከጊታሪስቶች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙው ዓለም የሚስማማበት ስም አለ፤ ጂሚ ሄንድሪክስ። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2003 መቶ ጊታሪስቶችን ሲደረድር አንደኛ ያደረገው እርሱን ነው፤ በ2023 ዝርዝሩን ወደ 250 ሲያሰፋም ከወንበሩ አላነሣውም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክርክሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። አንዱ ኤሪክ ክላፕተን ይላል፤ አንዱ ቢ. ቢ. ኪንግ፤ ሌላው ጂሚ ፔጅ፤ ስቲቪ ሬይ ቮን በ35 ዓመቱ ባይቀጭ ኖሮ እያለ የሚቆጭም አይጠፋም። አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር አንሥቶ የሚያውቅ ወጣት ሁሉ በዚህ ክርክር ውስጥ አልፏል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን አንድ ጥያቄ ይጨመርበታል፤ «የእኛዎቹስ?»

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እሰማለሁ፤ ሁለቱም አይዋጡልኝም። አንደኛው «እኛ አጃቢ እንጂ ጊታሪስት የለንም» ይላል። ሁለተኛው በቅን ልቦና ተነሥቶ የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩም ወልደማርያምን፣ በሙያ ባልደረቦቹ አጠራር ሰላሚኖን፣ «የኢትዮጵያው ሄንድሪክስ» ብሎ ይሾመዋል። የመጀመሪያው በግልጽ ይንቃል። ሁለተኛው በምስጋና አስመስሎ ይንቃል፤ ሰውየውን ባልሠራው ሥራ ያሞግሰዋልና። የሁለቱም ስሕተት ምንጩ አንድ ነው፤ የጊታር ታላቅነት የሚለካው ባንዱ ዝም ብሎለት ብቻውን በሚጫወትባት ደቂቃ ነው ብለው ማመናቸው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ድምፃዊን ማጀብ ራሱን የቻለ የጊታር ጥበብ ነው፤ የራሱ ሕግና የራሱ ታላላቆች አሉት፤ በዚህ ሚዛን ሲታይ ሰላሚኖ ከማንም የዓለም ጊታሪስት አጠገብ ቢቆም አያፍርም። ጎረቤቱ ግን ሄንድሪክስ አይደለም።

ክርክሩን ወደ ሰፈር ላውርደው። ሰንጋ ተራ ሲባል ዛሬ የሚታሰበው የባንክ ፎቅ ነው። በ2022 የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በ209 ሜትር ቁመቱ ሁሉን ቁልቁል ያያል፤ የሌሎቹም ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች በዙሪያው ተተክለዋል። ከእነዚህ ፎቆች ግርጌ ለዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ከሁሉም የሚበልጡ ሁለት ቀደምት ቤቶች አሉ። አንደኛው በ1955 ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነው። ሁለተኛው ጎረቤቱ ራስ ሆቴል ነው፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ ሲመጣ ያረፈበት። ቴአትር ቤቱ ገና ከጅምሩ ትልቅ ኦርኬስትራ ነበረው፤ ሆቴሉ ደግሞ በ1960ዎቹ ራስ ባንድን፣ በ1970ዎቹ አይቤክስ ባንድን አስተናግዷል። በእግር ጥቂት ደቂቃ በማይፈጅ ርቀት ውስጥ ሁለት የሙዚቃ ሥርዓቶች ተጎራብተው ነበር ማለት ነው፤ አንዱ የትንፋሽ መሣሪያ ነግሦ የሚኖርበት፣ ሌላው ጊታር ቀስ በቀስ ቦታ ያገኘበት።

የትንፋሽ መሣሪያው ንግሥና እንዲሁ የመጣ አይደለም። ዘመናዊ ሙዚቃችን ያደገው በማርሽ ባንድ እቅፍ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነፉት ትራምፔትና ትሮምቦን ነበር። ከዚያ በኋላ የተነሡት የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎችም የዚያው ሥርዓት ልጆች ናቸው። ደንብ ልብስ የለበሱ ነፊዎች ከፊት በሰልፍ ይቆማሉ፤ ድምፃዊው ከእነርሱ ፊት ይወጣል፤ ጊታሪስቱ ከከበሮው አጠገብ ይቀመጣል። በአሜሪካ ብሉዝ ታሪክ እንዲህ ያለ ተዋረድ አልነበረም። ሮበርት ጆንሰን በ1936 እና በ1937 ሃያ ዘጠኙን ዘፈኖቹን ሲቀዳ ባንዱም ኦርኬስትራውም አዛዡም እርሱና አንድ ጊታር ብቻ ነበሩ። ብሉዝ ጊታር በብቸኝነት ተወልዶ ኋላ ባንድ ውስጥ ገባ፤ የእኛ ጊታር በሰልፍ ውስጥ ተወልዶ ኋላ የራሱን ቦታ ፈለገ። ንጽጽር የሚጀምር ሰው ይህን ካልያዘ የቀረው ሁሉ ይጣመምበታል።

የኤሌክትሪክ ጊታር ጆሮ የተከፈተው በአብዛኛው በአስመራ በኩል ነው። የአሜሪካኖቹ ቃኘው ጣቢያ እስከ 1977 ድረስ በሬዲዮውና በክበቦቹ ሶል፣ ሪትም ኤንድ ብሉዝና ሮክ ይነዛ ነበር። ከዚያ አካባቢ ከተነሡት ውስጥ ተወልደ ረዳ ሊዘለል አይገባውም፤ ክራርም ጊታርም ይጫወታል፣ ይዘፍናል፤ በጊታሩም ላይ ክራሩ ይሰማል። ይህ ተራ ነገር አይደለም። ክራር ሲመታ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክሮች በአንድ ላይ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለገውን ክር ያፍናሉ። ክራር መቺ ዜማ የሚሠራው ከሚያስጮኸው ክር ይልቅ በሚያፍነው ነው። ይህ የማፈን ልማድ ወደ ጊታር ሲሻገር ከፈረንጁ ጊታር የተለየ፣ ደረቅ፣ አጭር፣ ከበሮን የሚጠጋ አመታት ወለደ። ለችክችካ ምት ደግሞ ከዚህ የሚስማማ አመታት አይገኝም።

ስለ ቅኝት ጥቂት ሳልል ማለፍ አልችልም፤ ቴክኒክ የማይወድ አንባቢ ይታገሠኝ። የሮክና የብሉዝ ጊታሪስቶች እጃቸው የሚውልባት አምስት ድምፅ ያላት ስኬል፣ ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሏት፣ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ናት። እኛ ባቲ ማይነር እንላታለን። የአዲስ አበባ ልጅ የክላፕተንን ሶሎ ሲሰማ ባዳ የማይሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ወሎ ውስጥ ያውቃታል። ጣጣው የሚመጣው አንቺሆዬ ላይ ነው። አንቺሆዬ ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ ሶል የለም። የሮክ ጊታር ምሰሶ የሆነው ፓወር ኮርድ ደግሞ መነሻውን ድምፅና አምስተኛውን አንድ ላይ መምታት ነው፤ ዶ እና ሶል። እንግዲህ አንቺሆዬን በዲስቶርሽን አጅባለሁ ብሎ መነሻው ላይ ፓወር ኮርድ የጫነ ሰው በቅኝቱ የሌለ ድምፅ አስገብቶ ዜማውን ገና ሳይጀመር ገደለው። በትዝታና በባቲ ሮክ መጫወት ቀላል ነው፤ በአንቺሆዬ ግን ጊታሪስቱ መርጦ መምታትን፣ ሁለት ድምፅ በቂ ሲሆን ሦስተኛውን መተውን ካልተማረ ይዋረዳል። በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም በአሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር በቢል ላስዌል አማካይነት ያወጣው ጃኖ ባንድ የአማርኛ ሮክን በሙሉ ልቡ የሞከረ ነው። ድፍረቱን አከብራለሁ። ሆኖም በቅኝቱና በዲስቶርሽኑ መካከል ያለው ትግል በብዙ ቦታ ለዲስቶርሽኑ የተፈረደ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሄንድሪክስ ልመለስ። በነሐሴ 1969 ዉድስቶክ ላይ የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር ሲጫወት ጊታሩ ሮኬት ሆነ፣ ቦምብ ሆነ፣ ጩኸት ሆነ። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ሽለላ ቢታወስበት አይፈረድበትም፤ አንድ ሰው ከሰልፉ ወጥቶ፣ ጦርነትን በድምፁ እያሳየ፣ የሚሰማውን ደም የሚያፈላበት ጥበብ ነው። በዘመናዊ ሙዚቃችን ውስጥ የዚህ ወንበር ባለቤት ማን ነው? በጊታሪስቶች መካከል ፈልጎ ያጣው ሰው «የለንም» ብሎ ይደመድማል። ባለቤቱ ግን አለ፤ ጌታቸው መኩሪያ ነው፣ መሣሪያውም ቴነር ሳክስፎን። በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ፣ በዚሁ በሰንጋ ተራው ቴአትር ኦርኬስትራ አልፎ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ የኖረው ጌታቸው ሽለላንና ፉከራን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን አዛወረ። የነፊዎች ሥርዓት ያፈራው ሰው ስለነበር ጀግንነቱም በትንፋሽ መጣ። ጊታራችን ሄንድሪክስን ያልወለደው ችሎታ ስላነሰው አይደለም፤ ቦታው ተይዞ ነበር። የኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ በ2006 ከጌታቸው ጋር «ሞአ አንበሳ»ን ሲሠራ የሆነውን ልብ ይሏል። ከፓንክ ሮክ የመጡ፣ ማንንም ማጀብ ያልለመዱ ጊታሮች ከሳክስፎኑ ኋላ ቆመው የሽለላውን ሜዳ አመቻቹ፤ ፉከራው የጌታቸው ነበር።

ከታላላቆቹ የብሉዝ ጊታሪስቶች ለእኛ ጆሮ ዘመድ የሚሆነው ቢ. ቢ. ኪንግ ነው። እየዘፈነ ጊታር አይመታም ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ እንደማይሆንለት ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሯል። አንድ ሐረግ ይዘፍናል፤ ዝም ይላል፤ ሉሲል ብሎ የሰየማት ጊታሩ ትመልሳለች። በ1964 ቺካጎ ውስጥ በተቀዳው «ላይቭ አት ዘ ሪጋል» አልበሙ ላይ ሕዝቡ በድምፁ ከሚጮኸው ባልተናነሰ በጊታሯ መልስ ይጮኻል። አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሥርዓት ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። አዝማሪው ግጥሙን ይጥላል፣ መሰንቆው ይቀበለዋል፤ ግጥሙ ሰሙን ብቻ ሰጥቶ ሲያልፍ ወርቁን መሰንቆው በድምፅ ቅላጼ የሚጠቁምበት ጊዜ አለ። በመካከላቸው ግን ትልቅ ልዩነት አለ። ኪንግም አዝማሪውም ራሳቸውን ነው የሚያጅቡት፤ መቼ ትንፋሽ እንደሚያልቅባቸው፣ መቼ ቃል እንደሚያንቁ ያውቃሉ። ሌላ ሰውን ማጀብ፣ የማታዝዘው ጉሮሮ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ መገመት፣ ሌላ ዕውቀት ይጠይቃል። ኪንግን ከሄንድሪክስ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ የሰላሚኖ ጎረቤት ግን እርሱም አይደለም።

ጎረቤቱ ስቲቭ ክሮፐር ነው። ክሮፐር የሜምፊሱ ስታክስ ኩባንያ ቤት ባንድ የሆነው ቡከር ቲ ኤንድ ዘ ኤም ጂስ ጊታሪስት ነበር። በ1962 «ግሪን ኦኒየንስ»ን ያወጣው ይኸው ባንድ ኦቲስ ሬዲንግን፣ ሳም ኤንድ ዴቭን፣ ሌሎችንም አጅቧል፤ ክሮፐርም ሬዲንግ በታኅሣሥ 1967 ከመሞቱ በፊት በነበሩት ቀናት የቀዳውን የመጨረሻውን ታላቅ ዘፈን አብሮት ደርሷል። ሶሎ ሲባል የሚነሣ ስም አይደለም። ዘፈን ሲጀመር በሁለትና በሦስት ድምፅ በሩን ይከፍታል፣ ከዚያ ከድምፃዊው ጋር በሩ ላይ ይቆማል። በአንድ ታዋቂ የሳም ኤንድ ዴቭ ዘፈን መካከል ድምፃዊው ስሙን ጠርቶ እንዲጫወት ያዘዋል፤ አጃቢ ከዚህ የበለጠ ሹመት አያገኝም።

አይቤክስ፣ በኋላም ከእርሱ የወጣው ሮሃ ባንድ፣ ለአዲስ አበባ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሁኔታው ግን ከሜምፊስ የከበደ ነበር። ከ1974 ጀምሮ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሸክላ ዘመን አልቆ የካሴት ዘመን መጣ፤ የምሽት ሙዚቃ ሆቴል ውስጥ ተዘጋ። ሰዓት እላፊው ከገባ በኋላ መውጣት ስለማይቻል ባንዱም ታዳሚውም እስኪነጋ አብረው ይቆያሉ። አንድ ባንድ ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ቤት ውስጥ ለተለያዩ ድምፃውያን ሲጫወት ቢያድር፣ ቀኑን ደግሞ ለተለያዩ ድምፃውያን ካሴት ሲቀዳ ቢውል፣ ጊታሪስቱ ምን ይማራል? ሰውን ይማራል። ሮሃ ባንድ ያጀባቸውን ድምፃውያን ስም መጥራት ብቻ ይበቃል፤ ጥላሁን ገሠሠ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ አስቴር አወቀ፣ ኤፍሬም ታምሩ፣ ነዋይ ደበበ። የአንዱ ጉሮሮ ከሌላው ጋር አይገናኝም። ሰላሚኖ ለጥላሁን የሚተወውን ክፍተት ለአስቴር አይተውም። ጥላሁን ቃሉን ገፍቶ ይጥልና ይጨርሳል፤ ጊታሩም ከቃሉ መጨረሻ በኋላ ይመጣል። አስቴር ቃሉን ስታንቀረቅበው ጊታሩ ቀድሞ መሬቱን ይዞ ይጠብቃታል። ይህን ለመስማት ጥሩ ማጫወቻ እንኳ አያስፈልግም፤ ድምፃዊውን ለጊዜው ትቶ ከኋላ ያለውን መከተል ብቻ ነው።

በካይፋ ሙዚቃ ቤት የታተመውን የማሕሙድ አሕመድን የ1975 «ኧረ መላ መላ» ብንወስድ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ከሥር ክብ እየሠራ ይዞራል፤ የፈቃዱ አምደመስቀል ሳክስፎን ከላይ ዜማውን ይጎትታል። ጊታሩ በሁለቱ መካከል አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ክሩ በመዳፍ ታፍኗል፣ አንድም ቦታ አይጮኽም። አንድ ጊዜ ጆሮ ከያዘው በኋላ ግን የዘፈኑን ጉልበት የሚሸከመው እርሱ መሆኑ ይገባል። የማሕሙድ ድምፅ መርገብገብ ሲጀምር ጊታሩ ይሳሳል፤ ድምፁ ሲያርፍ ይወፍራል። ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጅግ ኩባንያ በ1986 ይህን ሥራ አውጥቶ አውሮፓ ሲደነቅ የተደነቀው በማሕሙድ ነበር፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ያ ድምፅ እንደዚያ ዘና ብሎ የተንሳፈፈው ከሥሩ የማይናወጥ ነገር ስለነበረ ነው።

«ድምፃዊ ባይኖርስ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። አይቤክስ በ1976 በራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የቀዳው የመሣሪያ ሙዚቃ አለ፤ ሰንጋ ተራን ለዚህ ክርክር መነሻ ያደረግሁትም ስለ እርሱ ነው። ድምፃዊው ቀርቷል፣ ሜዳው ክፍት ነው፣ ሶሎ ለማንደቅደቅ የሚከለክል የለም። ጊታሩ ግን አይንደቀደቅም። ዜማውን ሲይዝ እንደ ዘፋኝ ይይዘዋል፤ በሐረግ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ የሚወስድ ይመስል ያርፋል፤ ሳክስፎኑ ሲመጣ ተመልሶ አጃቢ ይሆናል። ከሶሎ ሌላ ለማያውቅ ሰው ይህ ድክመት ይመስላል። ለእኔ ግን ምርጫው እዚህ ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ነጻ ሜዳ ተሰጥቶት የማጀብን ሥርዓት ያልጣለ ጊታሪስት ማጀብን የያዘው አጥቶ አይደለም።

ተወዳዳሪ የለውም ማለቴ አይደለም። ሚዛኑ ሪትም ብቻ ቢሆን የዋልያስ ባንዱን ማሕሙድ አማንን አስቀድም ነበር። በ1977 «ቼ በለው» ላይ፣ በተለይም የግርማ በየነ ድርሰት በሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ውስጥ፣ ጊታሩ ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ጋር ተቆላልፎ የሚሠራው ሥራ ለመኮረጅ የሚከብድ ነው፤ የብሩክሊን ባንዶች ሳይቀሩ ደጋግመው ሞክረውታል። የጊታር ድምፅ ቀለም ቢሆን ደግሞ በሙላቱ አስታጥቄ የ1974 ኢትዮ ጃዝ ሥራ ላይ ዋዋ ፔዳል የረገጠው አንድሩ ዊልሰን ይመጣል፤ ያ የሚያላዝን ጊታር ጂም ጃርሙሽ በ2005 ሙላቱን ወደ ፊልም ካስገባው በኋላ የአዲስ አበባ መታወቂያ እስከመሆን ደርሷል። ስፋት ከሆነ የሚያከራክር አይደለም፤ ግሩም መዝሙር ከጃዝ እስከ ድሮ ዘፈን፣ ከጊታር እስከ አኮርዲዮን ይሄዳል፤ በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን ዜማዎች ከአየለ ማሞ ማንዶሊን ጋር ሲያነሣቸው ጊታር ያለ ኤሌክትሪክም ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ አሳይቷል። ኤልያስ መልካን የምጠራው በሌላ ምክንያት ነው። በ2019 በለጋነቱ ያጣነው ኤልያስ በ2001 ከቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ» ጀምሮ፣ በ2005 በዘሪቱ ከበደ አልበም፣ ቦክስ ጊታርን ወደ አማርኛ ዘፈን ግንባር አምጥቶ ለአንድ ትውልድ አስለምዷል። ዛሬ ጊታር ይዞ የሚቀመጥ ወጣት በአብዛኛው የእርሱ ልጅ ነው።

ሆኖም ከእነዚህ ሁሉ ሰላሚኖን የማስቀድመው የችሎታውን ስፋት ቆጥሬ አይደለም። አንድን ሥራ ብቻ፣ ሌላ ሰው እንዲዘፍን ማድረግን፣ ለብዙ ዓመታት፣ በሰዓት እላፊ ሥር፣ ለተለያየ ጉሮሮ እየደጋገመ ጥራቱን ሳያወርድ ሠርቶታል። ደግሞም የሠራውን ያውቅ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሲያጠና የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈው በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥና ዕድገት፣ ከ1896 እስከ 1974 ባለው ዘመን ላይ ነው። ማታ ባንድ ውስጥ የሚጫወተውን ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ምንጩን የሚፈልግ ጊታሪስት በዓለም ላይም ብዙ አይገኝም። ክላፕተን ስለ ብሉዝ ብዙ ተናግሯል፤ ሰላሚኖ ግን የራሱን ሙዚቃ ታሪክ እንደ ታሪክ ተማሪ በማስረጃ መርምሮታል።

አንድ ብርቱ መከራከሪያ ይቀራል፤ ማሊ። አሊ ፋርካ ቱሬ የአገሩን ባህላዊ ክር መሣሪያ ወደ ጊታር አዛውሮ፣ በ1994 ከራይ ኩደር ጋር «ቶኪንግ ቲምቡክቱ»ን ሠርቶ፣ በግራሚ ተሸልሞ ጊታሪስትነቱን ለዓለም አሳወቀ። ክራር ያላት አገር ለምን ይህን አላደረገችም? መልሱ ከፊሉ ከላይ አለ፤ ፊቱን የያዙት ነፊዎች ነበሩ። ከፊሉ ደግሞ ክራሩ ራሱ አልሞተም። ለንደን ያለው የተመስገን ዘለቀ ክራር ኮሌክቲቭ ክራሩን በኤሌክትሪክ ሰክቶ የሮክ ጊታር ሥራ ሲያሠራው ያየ ሰው «የእኛ አሊ ፋርካ ጊታር ይዞ መምጣት አለበት» ብሎ አይከራከርም።

ጊታራችንን የጎዳው የሄንድሪክስ ጥላ ሳይሆን ኪቦርድ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ባንድ የነበረው አንድ ሰው ሆነ፤ ከበሮው፣ ቤዙ፣ ነፊዎቹ ከአንድ ማሽን መውጣት ጀመሩ። ጊታሪስቱ ስቱዲዮ የሚጠራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ሆነ፤ በተዘጋጀ ቅንብር ላይ ሊጨምር እንጂ ከድምፃዊው ጋር ሊተነፍስ አይደለም። ሰላሚኖና ጆቫኒ አንድ አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው የሠሩትን በጆሮ ማዳመጫ ብቻውን ተቀምጦ መሥራት አይቻልም። ከሰንጋ ተራ ብዙም በማይርቀው ካዛንቺስ የአዝማሪው ሥርዓት ከነሕይወቱ የቆየበት ፈንድቃም በ2024 ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል። ድምፃዊና አጃቢ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነው የሚሰማሙበት ቤት ሲያንስ ጥበቡም አብሮ ያንሳል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ከዓለም የሄንድሪክስን ወንበር ማንም አይወስድበት፤ እኔ ግን ኪንግን እመርጣለሁ። ከእኛ በሪትም ማሕሙድ አማን፣ በስፋት ግሩም፣ በሁሉም ላይ ግን ሰላሚኖ። የማይስማማ ሰው ካሴቶቹን ከፍቶ ይከራከረኝ። ያን ሲያደርግ ግን የካሴቱን ሽፋን ይመልከት፤ የድምፃዊው ፎቶ ትልቅ ሆኖ ይታያል፣ አቀናባሪውም አንዳንዴ ይጠቀሳል፣ የጊታሪስቱ ስም ግን በብዙዎቹ ላይ የለም፤ ያለውም «ሮሃ ባንድ» ወይም «ዋልያስ ባንድ» የሚል የወል ስም ነው። በቤታችሁ የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ካሴት ያላችሁ፣ በዚያ ዘመን በየሆቴሉ ያመሻችሁ፣ ባንድ ውስጥም የነበራችሁ፣ በየትኛው ዘፈን ላይ ማን ጊታር እንደመታ የምታውቁትን ጻፉ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም ይህን ከባለቤቶቹ አፍ ይሰብስቡ፤ ብዙዎቹ ገና በሕይወት አሉ።